ለማዕድ ቤት የተገዛ ድንጋይ

ተናድጃለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ መሃል ላይ ስትስቁ "መናደድህን አልሰማንም ነበር" እንዳትሉኝ ነው። ነገሩ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ዛሬም ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ትዝ ይለኝና ሳሙናውን እወረውረዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ላልሞተ ሰው ለቅሶ የተቀመጠ፣ በገዛ ግቢው ሁለት እጁን ተይዞ "አይዞህ፣ ቻለው" የተባለ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ስሙን ንገሩኝና ማኅበር እንጠጣ።

ይህ ሁሉ የመጣው ከድንጋይ ነው። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ድንጋይ አስተምሬያለሁ፤ እሳተ ገሞራ የወለደውን፣ ደለል የጋገረውን፣ ሙቀት የለወጠውን። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ድንጋይ ይገዛል ብዬ ለአንድም ተማሪ አላስተማርኩም። ጎጃም ውስጥ ድንጋይ ከማሳ ይለቀማል፣ ለአጥር ይካባል፣ ውሻ ይባረርበታል እንጂ ሱቅ አይኬድለትም። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ሲባል እስቅ ነበር። ሳቄ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴን እናኑን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁት ከደጀን ገባ ብላ ወዳለችው ቁይ ነው። አባቷ አያ ስንሻው ገበሬ ናቸው፤ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሰውን ገበያ እንደ ወጣ በሬ ከእግር እስከ ራሱ የሚያዩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ጠባዬና ስለ ዘሬ ሲያብራሩ ቆይተው ሲጨርሱ አማቴ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ምድጃ ላይ አጎንብሳ ወገቧ ሳይቀና ሞተች። ልጄ ቆማ ታብስል። ሌላ አልጠይቅም።"

ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ማልኩ። ወጣት ነበርኩ፤ ወጣት ሲምል አርቆ አያይም።

ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ዓመት ተከራይ ሆነን አራት ቤት ቀያየርን። በአራቱም ቤት ማዕድ ቤት ማለት በቆርቆሮ የተከለለች ጥግ ነበረች። በአራቱም እናኑ ምድጃዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ አጎንብሳ አበሰለች። ስትነሣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። እኔም ያቺን እጅ ባየሁ ቁጥር መሐላዬ ትዝ ይለኛል። አማቴ ደግሞ ሊጠይቁን ሲመጡ ሰላምታውን ሳይጨርሱ በማዕድ ቤቱ በር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አይተው ሰላምታቸውን ይጨርሳሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ እግዚአብሔር ፈቀደና የራሳችንን ቤት ሠራን። ማዕድ ቤቱ ተለሰነ፣ ውሃው ገባ፣ ቁም ሳጥኑ ተገጠመ፤ የቀረው ከቁም ሳጥኑ በላይ የሚነጠፈው፣ እናኑ ቆማ የምትከትፍበትና የምታቦካበት ገበታ ብቻ ነበር። እኔ ሲሚንቶ ይሁን ብዬ ነበር። እናኑም እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ጎረቤት የቱርክ ድራማ እንይ ብላ ጠራቻት።

በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው ድራማ ውስጥ አንዲት ባሏ የከዳት ሴት ማዕድ ቤቷ ቆማ ታለቅሳለች። ሌላው ተመልካች እንባዋን ሲያይ የእኔ ሚስት የተደገፈችበትን አየች። ወተት የመሰለ ነጭ ድንጋይ፣ ጥቁርና ግራጫ መስመር እንደ ደም ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድበት። ማታ ስትመጣ ዓይኗ ሌላ ነው። "የኔ ወንድም፣ እንዲህ ያለ ነገር ለእኛስ አይገባም?" አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ያቺ ቱርካዊት ከባሏ ታረቀች፤ እኔና እናኑ ግን ዘጠኝ ወር ተጨቃጨቅን።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ተሸንፌ አብረን አዲስ አበባ ሄድን። ስሙ ኳርትዝ ነው አለችን ሻጯ። ኳርትዝማ አውቃለሁ፤ በጠመኔ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከየት ተራራ ነው የተቆረጠው ብዬ እውቀቴን ላሳይ ስል፣ አልተቆረጠም፤ ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ፣ በቅርጽ ተጋግሮ ነው አለችኝ። ደም ሥሩስ? እሱም ሲለወስ ይገባበታል። ጉድ በሉ እንግዲህ። እኛ "ድሮ ድሮ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ጊዜ" እያልን ስንተርት፣ ለካ ሰዎቹ የምራቸውን ድንጋይ እያቦኩ ይጋግራሉ።

መዳፍ የሚያካክሉ ናሙናዎች ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ መስመር፣ ለእኔ ሁሉም አንድ። እናኑ ግን አንዷን ወደ መስኮት ትወስዳለች፣ ሌላዋን ወደ ጥላ ትወስዳለች። ይቺ ደም ሥሯ በዛ፣ ይቺ ደፈረች፣ ይቺ ፈራች ትላለች። ድንጋይ ፈራ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሰማሁ። እኔን አይታ እሺ ለማለት እንኳ ግማሽ ቀን ነው የፈጀባት። በአራተኛው ቀን መረጠች፤ ወርቅማ ቀጭን ደም ሥር ያለው። ሻጯ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አድርጋ፣ እሱ አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም አለች።

በመልስ ጉዟችን ደጀን ስንደርስ እናኑ "ሲሚንቶም አይከፋ" አለች። ዘጠኝ ወር የተሟገተ ሰው እንዲህ ሲል ያስደነግጣል። ቤት ገብታ ልብሷን ቀየረች፤ ምድጃዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አጎነበሰች፤ ስትነሣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው። ሲሚንቶውን ለስኜ ብገላገልስ? የለም። ሳልነግራት ሄጄ አምጥቼ ላስደንቃት ብዬ ወሰንኩ። "ሥልጠና አለብኝ" ብዬ ተነሣሁ። አስተማሪ ሥልጠና አለብኝ ሲል የሚጠራጠር የለም።

ሱቁ ስደርስ የእናኑ ወርቅማው አልመጣም። ሻጯ ከጓሮ ወስዳ ሙሉ ሙሉውን ድንጋይ አሳየችኝ፤ እንደ በር ቆመዋል። አንደኛው ፊት ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። ነጩ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ደም ሥር ከላይ ይነሣና ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ ይጠማዘዝና ወደ ምዕራብ ዞሮ ይሄዳል። አባይ ነው! አባይ ጎጃምን ሲዞር፣ ከነገባሮቹ! አስራ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስሥለው አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። የእናኑ ወርቅማ ቀጭን ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ። ሞኝነቴን አልደብቃችሁም፤ ለሚስቴ ማዕድ ቤት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ገዛሁ።

ሰኞ ዕለት በልኩ ተቆረጠ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ ስድሳ ሳንቲም። ለዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ተበሳለት። ይህን ልክ ያዙልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም። ድንጋዩ በፍራሽ ተጠቅልሎ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ፍራሹ ግን አጭር ነበርና ነጩ ጫፍ ወጣ ብሎ ይታያል። ሾፌሩ ቢሰበር ኃላፊነት የለብኝም ስላለ እኔም ከኋላ ተሳፈርኩ፤ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ድንጋዩን አቅፌ። የአባይ በረሃ ሙቀትና አቧራ ተባብሮ ዓይኔን በርበሬ አስመሰለው።

ደጀን ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ጎማ የሚነፋው ደግሞ ምኒችል ነው፤ የእናኑ የአክስት ልጅ። ሥራውን ጨርሶ ቀና ሲል ከላይ አየኝ። ፊቱ ልውጥ አለ። ቀረብ ብሎ በፍራሹ ጫፍ የወጣውን ነጭ ድንጋይ በመዳፉ ዳሰሰ።

"መቼ ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሰኞ።" የተቆረጠው ሰኞ ነበራ!

"እናኑ ሰምታለች?"

"ኧረ አልሰማችም። አደራህን አፍህን ያዝ፤ ቤት ሲደርስ ራሷ ታየዋለች።"

ምኒችል አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ "መምህር፣ ነገሩ ወግ አለው እኮ" አለኝ። እኔ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ማለቱ መስሎኝ እኔ ለወግ ጊዜ የለኝም አልኩት። ዓይኔን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁና ሄድን።

አሁን በምኒችል ቦታ ቁሙና እዩት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነጭ ባለ መስመር ድንጋይ የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከመቃብር በላይ ሊነጠፍ። ልኩ የሰው ልክ ነው። አጃቢው ተከናንቦ፣ ዓይኑ ቀልቶ አቅፎታል። ሰኞ ነው ይላል። ሚስቴ አልሰማችም ይላል። በእናኑ ቤተሰብ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ። ምኒችል ደምሮ ቀንሶ አማቴን፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ፣ ገደላቸው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደህና ነበር። እሱን ያንገበገበው ሌላ ነው። ሞት ለቅርብ ዘመድ ተደብቆ ቆይቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ ተጨምሮ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። ይህ አረመኔ አስተማሪ ግን ሐውልቱን አሳይቶ ሊያረዳት ነው!

ስለዚህ ስልኩን አነሣ። ቁይ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። እዚያው ለሚሄድ የጭነት መኪና "እናኑ ቤት ለቅሶ አለ፣ ለዘመድ ንገሩ" ብሎ ላከ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ለእድራችን ሊቀ መንበር ለጋሽ አየነው ደወለ። ምኒችል የጎማ ቀዳዳ አያመልጠውም፤ በእኔ ቤት ላይ የቀደደውን ግን እስከ ዛሬ አልጠገነውም።

እኔ አምበርን አልፌ ማርቆስ ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከቤቴ በር ላይ ስምንት ወንዶች ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አውርዱልኝ ስል ወገባቸውን የሚያማቸው እነዚሁ ጎረቤቶቼ ናቸው። ያለ ድምፅ ድንጋዩን አውርደው በጓሮ በኩል አስገብተው በሸራ ሸፈኑት። እናኑስ ብል ሴቶቹ ሆን ብለው ገበያ ይዘዋት ሄደዋል አሉኝ። ምስጢሬን ማን ነገራቸው ብዬ ብገረምም ደስ አለኝ። ምኒችል አፉ አልይዝ ብሎት ነው፤ ግን ለበጎ ነው አልኩ። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እንባዬን ያዩ ጊዜ ደግሞ ሁሉም አቀረቀሩ።

ጋሽ አየነው ክንዴን ያዙኝና ነገ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት እንመጣለን፤ እስከዚያ ምንም እንዳትነግራት አሉኝ። ሊገጥሙልኝ ነው ብዬ፣ ጋሼ፣ ሰው በርከት ብሎ ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ከባድ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ከባድ ነው፣ ግን በማንኛችንም ቤት የሚገባ ነው አሉኝ። በሆዴ፣ በእርስዎ ቤት እንኳ አይገባም፣ ማዕድ ቤትዎ ጭቃ ነው አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ሜትሬንና ውሃ ልኬን ይዤ ወጣሁ። ከፊት መሪጌታ ናቸው፤ ከኋላቸው ጋሽ አየነው፤ ከዚያ ግቢው እስኪሞላ ሰው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ብርድ ነው መሰለኝ አልኩ። እናኑ ከኋላዬ ወጣች። መሪጌታ ስለ አዳም ጀመሩ፤ ከአፈር መምጣቱን፣ ወደ አፈር መመለሱን፣ ዓለም ጥላ መሆኗን። ማዕድ ቤቱን እየባረኩልኝ መስሎኝ በየመሃሉ "አሜን" እላለሁ። ቢረዝምብኝ ጊዜ "መሪጌታ፣ በግራ በኩል ብንጀምር ይቀለናል" አልኳቸው። መሪጌታም አቋረጡ። ጋሽ አየነው ወደ ፊት ወጡ።

"እናኑ፣ ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል።"

ሜትሬ ከእጄ ወደቀ። የእናኑን ጩኸት አልነግራችሁም፤ እሱን ስጽፈው እንኳ አያስቅም። መሬት ላይ ወደቀች። "አባዬ! ቆሜ ሳበስል ሳታየኝ!" እያለች። ያቺ ቃል ከዚያ ቀን ሁሉ ነገር ይልቅ ልቤን የወጋችው ናት።

እኔ "አልሞቱም!" ብዬ ጮህኩ። አራት ሰው ያዘኝ። "ማን ነው ሞቱ ያለው?" ብል "አይዞህ፣ ቻለው፣ መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ይላል" ይሉኛል። አንተው ነህ ለምኒችል የነገርከው፣ ሐውልቱንም ያመጣኸው አንተ ነህ ሲሉኝ ነገሩ በራልኝ፤ "እሱ የማዕድ ቤት ነው! ሽንኩርት ሊከተፍበት ነው!" ብዬ ስጮህ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አእምሮው ተነካ፣ ጸበል ያስፈልገዋል አለች አንዷ። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ትሰማላችሁ፤ እኔን ግን ያረዱኝ ባልቀበርኩት ሰው ነው።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በየመንገዱ የአማቴን ስም ሲጠራ ይሰማኛል። ድንኳኑ ተተከለ። ነፍሮው ለካ ሌሊቱን ሲቀቀል አድሯል። የአማቴ ስልክ አይሰራም፤ ቁይ ኔትወርክ የለም። አንድ ሰዓት ላይ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ይህን ያህል ሰው ይሳሳታል? ሁለት ሰዓት ላይ አለቀስኩ። አዎ፣ አልቅሻለሁ! ደግ ሰው ነበሩ እያልኩ ደረቴን መታሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ነፍሴ ተመለሰችና ጋሽ አየነውን እየጎተትኩ ጓሮ ወሰድኳቸው። ሸራውን ገልጬ ቀዳዳውን አሳየሁ። "ሐውልት ላይ ይህን የሚያህል ቀዳዳ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዕቃ ማጠቢያ ነው!" ለቀስተኛው ተከትሎን ግልብጥ ብሎ መጣ። የመስቀል መትከያ ነው ያለ አለ፤ የጧፍ ማብሪያ ነው ያለ አለ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አዩና እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አልተጻፈም አሉ። አንዱ ደግሞ ድንጋዩ ያምራል፣ ግን መስመሩ ትንሽ ደፈር ብሏል አለ። በቁሜ ለቅሶ ቤት ውስጥ ናሙና ማየት ተጀመረ!

አምስት ሰዓት ሲሆን ከቁይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። የቁይ ዘመዶች የምኒችል መልእክት ሲደርሳቸው አማቴ አጠገባቸው ቁርስ እየበሉ ነበር። እንግዲህ እሳቸው ካሉ፣ እናኑ ቤት ለቅሶ ካለ፣ የሞተችው እናኑ ናት ማለት ነው። እሳቸውንም በወጉ ደበቋቸው። "ልጅዎን ትንሽ አሟታል፣ እንጠይቃት" ብለው ጫኗቸው።

አማቴ ከሚኒባሱ ወርደው ድንኳኑን አዩ። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። አልጮሁም። በሩ ላይ እንደ ሕፃን መሬት ቁጭ አሉና በሁለት እጃቸው አፈር አነሡ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አፈሩን ራሳቸው ላይ ሊነሰንሱ ሲሉ እናኑ ከድንኳኑ ወጣች።

ሁለቱ ተያዩ። እናኑ ሄዳ ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ እሳቸውም የእሷን ያዙ፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ትከሻዋን ዳበሷት። ከዚያ እጃቸው ወደ ወገቧ ወረደና እዚያ ቆየ። ይዘውኝ የነበሩት አራቱ ሰዎችም ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ይህኛው የእውነት ነው።

አማቴ በመጨረሻ ተነሥተው አካባቢውን አዩ። "ታዲያ የሞተው ማን ነው?" አሉ።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እዚህ ላይ ነው ንዴቴ ወሰን የሚያጣው! ባለመሞቴ ነው እንዴ የምወቀሰው? ጋሽ አየነው በትካዜ ድንኳኑን አዩ፣ ብረት ድስቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። መምህር፣ ይህን ሁሉ ሰው ለምን አስነሣኸው አሉኝ።

አማቴ ግን ነፍሮውን ሲያዩ ራባቸው። ለራሳቸው ለቅሶ የተቀቀለውን ነፍሮ ሁለት ሳህን በሉ። ከዚያ ድንጋዩን አሳዩኝ አሉ። ሸራው ተነሣ። ዙሪያውን ዞሩት፣ በጣታቸው አንኳኩት፣ ጫማቸውን አወለቁና ተጋደሙበት። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ልክክ አለ። ተጋድመው ሳሉ ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው አሉኝ። አስተማሪ መሆኔ መቼም አይለቀኝም፤ አባይ እዚህ ይነሣል፣ ደጀን እዚህ፣ ማርቆስ እዚህ ብዬ አስረዳሁ።

"ቁይስ?"

ፈለግሁት። ለካ ልክ ቁይ በሚሆንበት ቦታ ላይ ቀዳዳው ተበስቷል። በጣቴ አሳየኋቸው። አማቴ ቀዳዳውን ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ተብሎ የተለቀሰበት ስለሆነ የእኔ ነው አሉ።

እናኑን አየኋት። ዘጠኝ ወር ተሟግታ፣ ሦስት ቀን ናሙና ስታገላብጥ የከረመችው እናኑ ትቃወማለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እናኑም "ይውሰዱት፤ አባቴ የተለቀሰበት ድንጋይ ላይ ሽንኩርት አልከትፍም" አለች። ጠጋ ብላ በደንብ አየችውና "ደግሞስ ደም ሥሩ ወፍራም ነው" ብላ ጨመረችበት።

አባይን አቅፌ በረሃ የተሻገርኩት እኔ፣ ያንኑ ድንጋይ አቅፌ ቁይ አደረስኩት። አማቴ ድንጋይ ወስጄ ባዶ እጄን አልሸኝህም ብለው ከማሳቸው ዳር ካለው ወንዝ የወጣ ሰፊ ግራጫ ድንጋይ ጠራቢ አስጠርተው አስተካክለው ሰጡኝ። ደም ሥር የለው፣ ወርቅ የለው፤ ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ድንጋይ። እናኑ ይህን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል ብዬ ፈራሁ። መዳፏን አንድ ጊዜ አሳረፈችበትና "ይሄ ነው" አለች። አንድ ጊዜ! ለመስኮትም አልወሰደችው፣ ለጥላም አልወሰደችው! እኔ ያኔ ነው ሳሙና መወርወር የጀመርኩት።

ይኸው ሦስት ዓመት በእሱ ላይ ቆማ ታበስላለች። እጇ ወገቧ ላይ ሲያርፍ አላየሁም።

የእኔ አባይ ደግሞ ቁይ፣ አማቴ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ ሁለት ግንድ ላይ ተጋድሞ ተራውን ይጠብቃል። አማቴ ቀን ቀን ይቀመጡበታል፤ እንግዳ ይቀበሉበታል፤ ነገር ይዳኙበታል። ሐውልታቸው ከገባ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዟቸው አያውቅም። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ እሳቸው አባይ ላይ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ያቺ ቀዳዳ ዓይኔን ወጋችው።

"አባባ፣ ይህችን በሲሚንቶ ላስደፍንልዎት? ሐውልት ላይ ነውር ናት" አልኳቸው።

ቁልቁል አዩኝ፤ ያው የበሬ ገበያ አስተያየታቸው ነው።

"ተዋት። ከሥር ሆኜ በእሷ አያችኋለሁ። ልጄ ያጎነበሰች ቀን ተነሥቼ እመጣለሁ።"

እናንተ ቀልድ ነው ትላላችሁ። እኔ ሲስቁ አላየሁም። ባለፈው ሳምንት እናኑ ማንኪያ ወደቀባትና ልታነሣ ጎንበስ ልትል ስትል፣ ከሳሎን ሮጬ ቀድሜ ያነሣሁት እኔ ነኝ።